በድንጋዩ ጥግ የተተወችው

ቀራንዮ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለጋሼ ወልደ አማኑኤል፣
ዓለማያ

ጋሼ፣ የጥሩነህ ልጅ የኔነሽ ነኝ። የሚያስታውሱኝ ምናልባት ጋዜጣ እየገለጥኩ አበባ የማቀብልዎ፣ አፍንጫዬን በቀሚሴ እጅጌ የምጠርግ ልጅ ሆኜ ይሆናል። አሁን ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቶኛል፤ እዚሁ ቀራንዮ አስተማሪ ነኝ። ጤናዎንና የጉልበትዎን ነገር አስቀድሞ መጠየቅ ወግ ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ኖሬ ዛሬ ሲቸግረኝ ስለ ጉልበትዎ ብጠይቅ ግን ራሴም አላምነው፤ ስለዚህ ሰላምታዬን መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ።

አባቴ ታስሯል። ሰኔ 27 ቀን ገረሱ የሚባል ጎረቤታችን፣ ጋሪ ነጂ ነው፣ ተቅማጥ አልቆም ብሎት መጣ። አባቴ እርስዎም የሚያውቁትን የሆድ መድኃኒት፣ ከወጨጫ ተራራ የሚቆፈረውን ሥር፣ ቀቅሎ ሰጠው። ብዙም ሳይቆይ ገረሱ ምላሴ ደነዘዘ አለ። ቀጥሎ እግሩ አልታዘዝ አለው፤ ሚስቱ ጉዲቱና እኔ በራሱ ጋሪ ጭነን ሆስፒታል አደረስነው። ሐኪሞቹ መርዝ ጠጥቷል አሉ። እስካሁን ተኝቷል፤ ይተርፍ አይተርፍ የሚያውቅ የለም።

አባቴ ለፖሊስ «ሥሩን የቆፈርኩትም እኔ፣ የሰጠሁትም እኔ» ብሎ ጣቱን አትሟል። የምን ሥር ነው ሲሉት ግን አይመልስም። መድኃኒት ካፍ ከወጣ ይረክሳል የሚለውን ነገሩን ያውቁታል፤ ለእናቴ እንኳ ሳይነግራት ነው የሞተችው። ዝም ባለ ቁጥር መርማሪው ሆን ብሎ ያደረገው ይመስለዋል። ቀጠሮው መስከረም 8 ነው።

ከሥሩ አንድ ጣት የሚያህል ቁራጭ ተርፎ አግኝቼ በዚህ ፖስታ ልኬልዎታለሁ። መድኃኒቱ ይሁን ሌላ፣ አይተው ይንገሩኝ። አባቴ ስምዎን መስማት እንደማይፈልግ አልደብቅዎትም። የምጽፈው ሳይፈቅድልኝ ነው።

እንግዲህ ጉልበትዎ እንዴት ነው?

የኔነሽ ጥሩነህ

*

ዓለማያ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1964 ዓ.ም.

ልጄ የኔነሽ፣

አፍንጫሽን የምትጠርጊው በእጅጌሽ አልነበረም፤ በእኔ ኮት ነበር። ጉልበቴ እንደ ድሮው ነው፣ ዳገት ሲያይ ይሳደባል። እዚህ ኮሌጁ የደረቁ ዕፅዋት የሚቀመጡበትን ክፍል እጠብቃለሁ፤ ከሰው ይልቅ ከድርቆሽ ጋር ስለምውል ጨዋታ ቢጠፋብኝ አትቀየሚኝ።

አባትሽ ስሜን ቢጠላ እውነቱን ነው። አብረን ወጨጫን ስንዞር የሚነግረኝ ለእኔ እንጂ ለወረቀት አልነበረም። እኔ ግን በያንዳንዱ አበባ መለያ ወረቀት ላይ ለምን በሽታ እንደሚሆን ጻፍኩ፣ ወረቀቱን ፈረንጅ አየው፣ በመጽሐፍ አወጣው። ጥሩነህ መጽሐፉን አስነብቦ ከሰማ በኋላ «ቤቴን ሰብረህ ገባህ» አለኝና በሩን ዘጋ። በሩን ቆሜ ማንኳኳት ነበረብኝ፣ ፈራሁ።

አሁን ወደ ነገርሽ። የላክሽው ሥር ደርሶኛል፤ ከደረቀ ሥር ምስክርነት አይገኝም። ወጨጫ ላይ፣ በአንድ መስክ፣ ቅጠላቸው እንደ ዶሮ እግር የተሰነጠቀ ሁለት ተክሎች ጎን ለጎን ይበቅላሉ። አንደኛዋ የአባትሽ መድኃኒት ናት። አበባዋ ፈዛዛ ሮዝ፣ አምስት ቅጠል ያለው ነው፤ ፍሬዋ የወፍ ምንቃር ይመስላል። ሁለተኛዋ ሰማያዊ ታብባለች፤ አበባዋን ገልብጠሽ ብታዪው ከኋላው እንደ ጭራ የተሳለ ነገር አለው። እሷ ከብት ትገድላለች። ሳያብቡ ግን፣ በሰኔ፣ ዐይን አይለያቸውም። አባትሽ ቅጠሉን በከንፈሩ ዳብሶ ነበር የሚለየው።

ጥሩነህ ሲቆፍር ሁሉንም አይነቅልም። አንዷን፣ እናቲቱን፣ ይተዋታል፤ ዘር እንድትጥል ብሎ በጥጓ ድንጋይ ያስደግፍላታል። እሷን ፈልጊያት። እንዳትነቅያት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ታብብና ራሷ ትናገራለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። «ቅጠል ያልያዘ ሥር እቤቴ አይገባም» ይል ነበር አባትሽ። ቅጠሎቹ የት ገቡ?

ወልደ አማኑኤል

*

ቀራንዮ፣ ሐምሌ 28 ቀን 1964 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት ወጨጫ ወጥቼ ድንጋዩን አገኘሁት። ገሜዳ የሚባል ገበሬ ከብት ከሚያሰማራበት መስክ በላይ ነው። ተክሏ አለች፤ ቁመቷ ከጉልበቴ በታች፣ ቅጠሏ እንዳሉት የዶሮ እግር። አበባም እንቡጥም የላትም። ከብቶቹ በሁለት ክንድ ርቀት ደርሰው ተመልሰዋል፣ ኮቴያቸው ይታያል። ገሜዳን እሾህ እንዲያጥርላት ለመንኩት። «ለአንድ ሣር?» ብሎ ሳቀ፤ ደግነቱ ግን አጠረላት።

አባቴን እሑድ ጠየቅሁት። ከስቷል። ስለ እርስዎ ሳነሳበት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «መስከረም እስኪመጣ ዝም በይ፣ አስተማሪነትሽን ሥሪ» ብቻ ነው ያለኝ።

ጋሼ፣ እንዲህ እያልኩ የምለምን ሰው አይደለሁም። ግን ያቺ ተክል እስክታብብ ብንጠብቅ በረዶ አለ፣ ከብት አለ፣ አበባዋም ቢዘገይ ቀጠሮው አይጠብቀንም። እርስዎ የኮሌጁ ማኅተም አለዎት። «የተላከልኝን ሥር መርምሬዋለሁ፣ ሮዝ አበባ ያላትና ጉዳት የሌላት ናት» ብለው አንድ ወረቀት ቢጽፉልኝ ዳኛው ያምናል። ገረሱ ሌላ ነገር በልቶ ሊሆን ይችላል፣ ጋሪ ነጂ የትም ነው የሚበላው። ለአባቴ ባለዕዳ እንደሆኑ በራስዎ ብዕር ጽፈውልኛል።

ቶሎ ይመልሱልኝ።

የኔነሽ

*

ዓለማያ፣ ነሐሴ 6 ቀን 1964 ዓ.ም.

የኔነሽ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ቀን ኪሴ ይዤው ዞርኩ። አልጽፍልሽም።

ተናድጄ አይደለም። ወረቀቱን ጽፌ፣ ማኅተሙን አድርጌ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬው አደርኩ፤ ይህን እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ። ጠዋት ተነሥቼ ሳነበው ገረሱን አሰብኩት። የማላውቀው ሰውዬ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ሐኪሞቹ ምን እንደጠጣ ለማወቅ ሲጨነቁ፣ እኔ ከሩቅ አገር ሆኜ «ምንም አልጠጣም» ልላቸው ነው። ወረቀቱን ቀደድኩት። በምትኩ ለሆስፒታሉ ሐኪም ሰማያዊዋን የሚገልጽ ደብዳቤ በቀጥታ ልኬያለሁ፤ ልትሆን ትችላለች ብዬ እንጂ ናት አላልኩም።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ፤ ቅጠሎቹ የት እንደገቡ አልመለስሽልኝም። ሌላም አለ። እኔና አባትሽ ራሳችን ያቆምነውን ድንጋይ በክረምት ሣር ውስጥ ለማግኘት ሁለት ቀን የፈጀብን ጊዜ ነበር። አንቺ ደብዳቤዬ በደረሰሽ ማግስት፣ በአንድ ቀን፣ ሄደሽ ቆምሽበት።

ደግሞ ያኔ እንኳ፣ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ የጥሩነህ ዐይን ሞራ ጀምሮት ነበር። ከደንበኞቹ ሲደብቅ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ዛሬ በምን ዐይኑ ነው ወጨጫ የወጣው?

መልሱን እኔ አላውቀውም፣ አንቺ ግን ታውቂዋለሽ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና፣ ሳትቸኩዪ ጻፊልኝ።

ወልደ አማኑኤል

*

ቀራንዮ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1964 ዓ.ም.

ጋሼ፣

የቆፈርኩት እኔ ነኝ።

አባቴ ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ ከደጃፋችን አልፎ አያይም። ሰው ቢያውቅ ማን ወደ ዕውር መድኃኒተኛ ይመጣል? መድኃኒት ደግሞ አዋቂው ራሱ፣ ብቻውን፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ካልቆፈረው አይሠራም ይባላል። ስለዚህ ክረምት ክረምት እኔ በድብቅ እወጣለታለሁ። ቅጠሉን ይዤ ስመጣ በከንፈሩ ይዳብሰዋል፤ ካልሆነች ይጥላታል። ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ሁለቱንም ጊዜ ጥሏል። ስሟን ግን ነግሮኝ አያውቅም፤ የትኛዋ ምን እንደምታደርግም እንደዚሁ። ሰማያዊ የምታብብ መኖሯን የሰማሁት ከእርስዎ ነው።

ሰኔ 25 ቀን ቆፍሬ፣ እንደ ደንቡ እናቲቱን ትቼ፣ ድንጋይ አስደግፌ ወረድኩ። መናገሻ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ስደርስ የትምህርት ቤታችን ዲሬክተርና ሁለት አስተማሪዎች ቆመዋል፤ ከሰርግ ሲመለሱ ነው። ጃንጥላ ይዘዋል፣ ጫማቸው ተወልውሏል። እኔ ጭቃ ላይ ጭቃ ነኝ፣ ብብቴ ሥር አንድ እቅፍ ቅጠል። የመድኃኒተኛ ልጅ መሆኔን አያውቁም፤ አባቴ ልብስ ሰፊ ነው ብያቸው ነበር።

ከባሕር ዛፉ ጀርባ ዞርኩና ቅጠሉን ሁሉ ቆርጬ ጣልኩት። ሥሮቹን ከተማሪዎች ደብተር ሥር፣ ቦርሳዬ ውስጥ አደረግኋቸው። ከዚያ ሄጄ ሰላም አልኳቸው፤ እስከ ሳንሱሲ ድረስ ስለ ሙሽራዋ ቬሎ እያወራን መጣን።

ቤት ስገባ አባቴ እጁን ዘርግቶ «ቅጠሉስ?» አለኝ። «ዝናቡ አበላሸው አባባ፣ ራሴ ዳብሼዋለሁ፣ እሷ ናት» አልኩት። የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። ከዚያ «አንቺ ካልሽ» አለ። በሕይወቱ ቅጠል የሌለው ሥር የተቀበለው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያውም እኔን አምኖ። በሁለተኛው ቀን ገረሱ ሆዱን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

አልዳበስኩትም ጋሼ። እጄ በርዶ ነበር፣ ዝናብ ይጥላል፣ መስኩ ያው ያምናው መስክ ስለሆነ እሷ ናት ብዬ ነው የቆፈርኩት።

እሱ ፖሊስ ፊት ዝም የሚለው ለመድኃኒቱ ብሎ አይደለም። ይህን ከታሰረበት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። እኔም ዝም ብዬ አስተምራለሁ፤ ትናንት የክረምት ተማሪዎቼን ስለ ቅጠል ክፍሎች አስተማርኳቸው። ከዚህ በኋላ ልጄ አይበሉኝ ይሆናል።

የኔነሽ

*

ዓለማያ፣ ነሐሴ 22 ቀን 1964 ዓ.ም.

ልጄ የኔነሽ፣

እኔ ቃሌን አልመልስም፤ ልጄ ነሽ። ይሁን እንጂ ልብሽ የሚፈልገውን «ምንም አይደል» የሚለውን ቃል ከእኔ አትጠብቂ። ምንም ነው።

ያቺ ተክል ምን እንደምታብብ እኔም አላውቅም። ሮዝ ልትሆን ትችላለች፤ ያን ጊዜ ገረሱን የጎዳው ሌላ ነገር ነው፣ አባትሽም ይወጣል፣ አንቺም ቅጠል የቆረጥሽበትን ቀን ለብቻሽ ይዘሽው ትኖሪያለሽ። ሰማያዊ ከሆነች ፍርድ ቤት ምን እንደምትናገሪ አልነግርሽም። አንቺ አስተማሪ ነሽ።

አሁን ሥራ። ከነሐሴ 26 ጀምሮ በየሁለት ቀኑ ውጪ። አበባው ሲከፈት ቀለሙን ሳይሆን ቅርጹን አስቀድመሽ እዪ፤ ቀለም በዝናብ ያታልላል። ቅጠሎቹን ቁጠሪ። ከዚያ ከጀርባ እዪው፣ ጭራ አለው ወይስ የለውም? አረንጓዴ ቅጠሏን በጣትሽ፣ ከዚያ በላይኛው ከንፈርሽ ዳብሻት፤ ጸጉር አላት ወይስ ልሙጥ ናት? እንዳትቀምሻት። አንድ ዘንግ ብቻ ከነቅጠሉ ቁረጪ፣ ጋዜጣ ውስጥ አድርገሽ ድንጋይ ጫኚበት። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የቆራጩን ስም ጻፊ። ሌላውን ተዪው።

ብቻሽን ግን አትሂጂ። ያንቺን ቃል ብቻ ማን ያምናል? የገረሱን ሚስት ይዘሻት ሂጂ።

ይህን ማለት ከዚህ ሆኖ ቀላል እንደሆነ ይገባኛል።

ወልደ አማኑኤል

*

ቀራንዮ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 1964 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ጉዲቱን ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ በሯ ደርሼ ተመለስኩ። በአራተኛው እሷው ራሷ «ምንድን ነው እንደ ሌባ የምትመላለሺው?» ብላ ወጣች። የባልሽን ነገር የሚያስረዳ ተክል ተራራ ላይ አለ፣ አብረሽኝ ነይ አልኳት። ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችኝ፤ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም።

መጀመሪያ የወጣን ቀን፣ ነሐሴ 28፣ እንቡጧ እንደ ተጨበጠ ጣት አረንጓዴ ነበር። ነሐሴ 30 ስንወጣ በረዶ ጥሎ መስኩን አነጣው፤ አለቀልን ብዬ ተቀመጥኩ። የገሜዳ አጥር በአንድ ጎኑ ወድቋል፣ ድንጋዩ ግን በረዶውን ከልሎላት ነበር። ከእንቡጦቹ ሁለቱ ተሰብረው አራት ቀርተዋል። ጉዲቱ ነጠላዋን አውልቃ እሾሁ ላይ ዘረጋችላት። ያቺ ተክል እንድትተርፍ የምትጸልየው እሷ ናት፤ እኔ በልቤ ሮዝ፣ ሮዝ እያልኩ እቆጥራለሁ።

ዛሬ ተከፍታ አገኘናት። ሰማያዊ ናት ጋሼ። ቀለም ያታልላል ስላሉኝ ቅርጹን አየሁ፤ አምስት ቅጠል። ጎንበስ ብዬ ከጀርባ አየሁት። ጭራ አለው፣ ቀጭን፣ ወደ ላይ የተቀሰረ። ቅጠሏን በከንፈሬ ዳበስኳት። ልሙጥ ናት። ያን ለማወቅ የሚያስፈልገው ጊዜ አንድ ትንፋሽ ነው። ሰኔ 25 ቀን አንድ ትንፋሽ ሰስቼ ነው።

ከአበባዎቹ ሁሉ እንዲህ የሚያምር አይቼ አላውቅም። በዚህም አለቀስኩ።

ጉዲቱ «ይህቺ ናት?» አለችኝ። ናት አልኳት። «አባትሽ ዕውር መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ለክብሩ ብለን ነው ዝም የምንለው» አለች። «ማነው የቆፈረው?»

ነገርኳት፤ አውቶቡስ ፌርማታውንም፣ ጃንጥላውንም፣ ሁሉንም። ትመታኛለች ብዬ ነበር። ጀርባዋን ሰጠችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ከእሾሁ ላይ እያላቀቀች «ሐኪሙ ካንድ አገር ደብዳቤ መጣልኝ ካለ ወዲህ መድኃኒቱን ለውጦለታል። ትናንት ማንኪያ ያዘ» አለች። «ለዳኛው ካልነገርሽ እኔ እነግረዋለሁ።» እስከ ታች ድረስ ከፊት ከፊቴ ሄደች። ገደል ያለበት ቦታ ስንደርስ ግን ቆማ እጇን ሰጠችኝ።

አንዱን ዘንግ ቆርጬ ጋዜጣ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ቀን፣ ቦታ፣ ጻፍኩ። የቆራጭ ስም የሚለው ላይ ትንሽ ቆሜ ስሜን ጻፍኩ። መስከረም 8 ይዤው እሄዳለሁ። አባቴ እንዳይሰማ እፈልጋለሁ፤ ከሰማ ከዚያ በፊት ሌላ ነገር ይፈርማል።

የኔነሽ

*

ዓለማያ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.

ልጄ የኔነሽ፣

ያንቺ ደብዳቤ ገና አልደረሰኝም፤ እስከዛሬ ግን ያቺ ተክል ወይ አብባለች ወይ በከብት ተበልታለች። የምታመጪው ሮዝም ይሁን ሰማያዊ፣ በኮሌጁ ማኅተም የሚምል ሰው ያስፈልጋል። መስከረም 4 ቀን ከድሬዳዋ በባቡር እነሣለሁ። ጉልበቴ ከወዲሁ እየተሳደበ ነው።

የምመሰክረው ያየሁትን አበባ ብቻ ነው። ከዚያ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያላንኳኳሁትን በር አንኳኳለሁ፣ ወህኒ ቤትም ቢሆን።

ወልደ አማኑኤል

*

አዲስ አበባ፣ ከርቸሌ፣ የሴቶች ክፍል፣ ጥቅምት 19 ቀን 1965 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ፍርድ ቤቱን እርስዎ ስለነበሩ አልደግመውም። አባቴ እኔ ስናገር ከተከሳሽ ሣጥን ውስጥ «ትዋሻለች፣ እሷ አስተማሪ ናት» እያለ ሲጮህ የሰሙትን ያህል እኔም ሰምቻለሁ፤ በየማለዳው እሰማዋለሁ። እሱ በመውጣቱ፣ በእኔም ላይ ስምንት ወር በመፈረዱ ቅሬታ የለኝም። አስተማሪነቱ ሄዷል። ገረሱ በከዘራ ይሄዳል፤ ጋሪውን ጉዲቱ ትነዳለች። አንድ ጊዜ ስንቅ አመጣችልኝ፣ ሰላምታዬን ግን አልተቀበለችኝም።

በደብዳቤዎ የጠየቁኝን በሰው በኩል ለአባቴ አድርሻለሁ። የሰማያዊዋ መለያ ወረቀት ላይ ከቀንና ከቦታ ሌላ ምን ልጻፍ፣ የጥሩነህን ፈቃድ እፈልጋለሁ ብለዋል። እሱም ሰምቶ ዝም አለ፤ ዝምታውን ስለምናውቀው አላስጨነቅሁትም።

ባለፈው እሑድ ግን መጣ። ገረሱ ነው እጁን ይዞ ያመጣው፤ ገረሱ በከዘራ፣ አባቴ በገረሱ ትከሻ። የእሑድን ጠያቂ ያውቁታል፤ በዚህ ወገን ስልሳ ሴት፣ በዚያ ወገን መቶ ሰው፣ መሐል ሽቦ አለ፣ ሁሉም ይጮኻል። አባቴ ከኪሱ ሁለት ቅጠል አወጣና በሽቦው ቀዳዳ አሾለከልኝ። ገሜዳ አምጥቶለት ነው። «ዐይንሽን ጨፍኚ» አለኝ። ጨፈንኩ። «በከንፈርሽ።» ዘበኛዋ ምን እየሆንን እንደሆነ ልታይ ቀረበች።

የመጀመሪያዋ ሻከረችኝ። «መድኃኒቷ» አልኩ። ሁለተኛዋ ልሙጥ ነበረች። «ሰማያዊዋ» አልኩት።

«አልሰማሁሽም» አለ።

ደግሜ ነገርኩት። ያን ጊዜ አባቴ፣ ለእናቴ ያልነገራት፣ ለዳኛ ያልመለሰ ሰውዬ፣ ፊቱን ሽቦው ላይ ለጥፎ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ በላይ ጮኸ። «ጸጉር ያላት ሆድ ታስራለች፣ ልሙጧ ትገድላለች። ያልዳበሰ አይቆፍር። ለወልደ አማኑኤል ጻፊለት፣ እንዲህ ብሎ ይጻፈው። ስሜንም ይጻፍበት።»

ቅጠሎቹን ልመልስለት እጄን ስዘረጋ አልተቀበለኝም። አጠገቤ የቆመች አንዲት የአድዓ ሴት «ምን አሉ ሽማግሌው?» አለችኝ። ነገርኳት። እሷም ዞራ ሽቦው ማዶ ለቆመው ወንድሟ እየጮኸች ነገረችው። እሱ ደግሞ አጠገቡ ላለው ነገረ።

የኔነሽ ጥሩነህ